አራተኛውን ገጽ ላላነበበው ክፍል

ለተከበሩ በሰውነት ውስጥ የሚቀበሩ የሕክምና መሣሪያዎች ክትትል ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ሆነ ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት በመመኘት የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ለሃያ ሁለት ዓመት በአራሚነት የሠራሁ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ሚስትና የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ባለፈው ሳምንት በመጠበቂያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ አንብቤ ደስታዬን መቆጣጠር ስላቃተኝ ነው። ማስታወቂያው «ታካሚዎችም ሆኑ አስታማሚዎች የምርመራ ውጤት የያዘ ኤንቨሎፕ ከፍተው ማንበብ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። በእኔ ምክንያት ብቻ ሕግ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ የፊደል ግድፈቶቹን (ሦስት ናቸው) በእርሳስ ያረምኳቸው በታላቅ ኩራት ነው። ይህ ደብዳቤ እጃቸው የሚገባ ሌሎች አንባቢዎችም ይህን ክብር እንዴት እንዳገኘሁት እንዲያውቁልኝ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ባለቤቴን ባልደረቦቹ «ቀጠሮ» ይሉታል፤ አውቶቡሱ ከፌርማታ ፌርማታ አንዲት ደቂቃ ስለማታዛንፍ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የልብ ምቱ ከመጠን በላይ ዘግይቶ መናኸሪያው ግቢ ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ። የእናንተው ቀዶ ሐኪም የልብ ምት የሚያስተካክል፣ ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ መሣሪያ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር ቀበረለት። ያን ጊዜ ሐኪሙን እጅህ ይባረክ ብዬዋለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ የክፍልዎ ቴክኒሻን ማንበቢያውን ደረቱ ላይ ያስጠጋል፤ መሣሪያው ያጠራቀመውን ሁሉ ይናገራል፤ ማተሚያውም አራት ገጽ ያወጣል። ቴክኒሻኑ የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ ባትሪው ጥሩ ነው ይለናል፤ አራቱንም ገጽ ኤንቨሎፕ ውስጥ ያሽግና በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘን እንድንመጣ ያሳስበናል። እኛም ኤንቨሎፑን እንደ እንቁላል ተሸክመን ወስደን፣ እንደ እንቁላል ተሸክመን እንመልሰዋለን።

በዚህ መካከል ባለቤቴን ቀጠሮን ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለው ጀመር። ማንኪያ እንደያዘ ገበታ ላይ ያንቀላፋል። የትንሿ ልጃችን መምህርት ስለ ሒሳብ ውጤቷ ልታስረዳን አስጠርታን ፊት ለፊቷ አንኮራፋባት። ይህንን ለቴክኒሻኑ ስነግረው ዕድሜ ነው አለኝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስነግረው ድካም ሆነ፤ በሦስተኛው ደግሞ በሽታው የእኔ ጭንቀት መሆኑን ደረሰበት። እንግዲህ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ኤንቨሎፕ ስላለቀባችሁ አመሰግናለሁ። በአምስተኛው ቀጠሯችን ቴክኒሻኑ መሳቢያዎቹን ሁሉ በርብሮ ማሸጊያ ስላጣ አራቱን ገጽ እንዲሁ በእጄ ሰጠኝ። የታተመ ነገር እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብ አልፌ ስለማላውቅ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ስለ ልብ አያወራም። መሣሪያው የደረትን ከፍ ዝቅ ማለት እየተከታተለ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ይቆጥራል። «በአማካይ በሰዓት 38 ጊዜ» ይላል፤ ከሥሩም «ከ20 በላይ ከሆነ ለተጨማሪ ምርመራ ይላክ» የሚል መስመር አለ። ሠንጠረዡ ወደ ኋላ አሥራ አራት ወር ይሄዳል። ክቡር ሆይ፣ አንድ መሣሪያ ከባለቤቴ ቆዳ ሥር ሆኖ ይህ ሰው እየታፈነ ነው እያለ አሥራ አራት ወር ሙሉ ሲጮህ፣ እኛ ጩኸቱን አሽገን ስናመላልስ ኖረናል። የክፍልዎ ስም ትርጉሙ የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ ለካ የሚቀበረው መሣሪያው ብቻ አይደለም።

2ኛ. በግቢያችሁ ውስጥ ስላስደረጋችሁኝ የእግር ጉዞ አመሰግናለሁ፤ ለጉልበቴ መራመድ ታዞልኝ ነበር። ክፍልዎ ትንፋሽ የእኛ ሥራ አይደለም ብሎ ወደ ሳንባ ክፍል ላከኝ። የሳንባ ክፍል መዝገብ ሠራተኛ ደግሞ ከልብ ክፍል በመጣ ወረቀት አንሠራም አለችኝ። ሆኖም አዘነችልኝና ቅጽ ሰጠችኝ፤ ቅጹ ትንፋሹ ሲቋረጥ በዓይኑ ያየ ሰው ስም፣ ዝምድናና የመታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል። እኔ ከማንኮራፋቱ ሸሽቼ ከልጆቼ ጋር መተኛት ከጀመርኩ ስለቆየሁ አላየሁም፤ በወረቀት ላይ መዋሸትም አልችልበትም። ስለዚህ በስም ቦታ የመሣሪያውን ስም፣ በመታወቂያ ቦታ የፋብሪካ ቁጥሩን ጻፍኩና በዝምድና ቦታ «አብሮ አደር» ብዬ ሞላሁ። ሠራተኛዋ ባዶ ቦታ አለመኖሩን በጥንቃቄ አረጋግጣ ማኅተሟን አሳረፈችበትና የስምንት ወር ቀጠሮ ሰጠችኝ።

3ኛ. ስለዚህኛው ምስጋናዬን አሳጥራለሁ። ወረቀቱን ያገኘሁ ዕለት ባለቤቴ ቀጠሮ አራተኛውን ገጽ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ አነበበው። ከዚያም ለማንም ያልነገረውን ነገረኝ፤ ከአንድ ሳምንት በፊት ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ዓይኑ ተከድኖ ነበር፤ የቀሰቀሰው ከኋላው የነበረ መኪና ጥሩምባ ነው። እኔ፣ ስህተት አይቼ ማለፍ የማልችለው አራሚ፣ ከመሪው እንዳያስነሱት ፈርቼ ለጊዜው ዝም እንዲል መከርኩት። እሱ ግን ጠዋት ተነሥቶ፣ ተላጭቶ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ ሄደና ቁልፉን ስምሪት ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ሰማንያ ሰው ይዤ አልተኛም» አላት። ሴትየዋ ቁልፉን ተቀብላ ለጊዜው እጥበት ክፍል መደበችው። ለአራት ወር ሌሎች የሚነዷቸውን አውቶቡሶች በቱቦ ሲያጥብ ከረመ፤ ጓደኞቹ እንዳያዝኑለት እያፏጨ ነው የሚያጥበው።

4ኛ. አሁን ወደ ወንጀሌ ልምጣ። በስድስተኛው ቀጠሯችን ኤንቨሎፕ በብዛት ገብቶላችሁ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ታቅፎ ነበር። አጠገቤ ለተቀመጡት ጡረተኛ መምህር የደረሰብንን ባጫውታቸው ኤንቨሎፓቸውን ቀድደው መነጽር ረስቻለሁና አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። ወዲያው ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ዳቦ ጋጋሪ የእሱን ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወረፋ ሆነ። በአንድ ረፋድ የአሥራ አንድ ሰው አራተኛ ገጽ በየባለቤቶቹ ፈቃድ አንብቤያለሁ። ስምንቱ ደህና ነበሩ፤ ጭብጨባም ነበር፣ ተሳስመናልም። መምህሩ ግን 27፣ አንዲት ልብስ ሰፊ 33፣ ዳቦ ጋጋሪው 52 ወጣባቸው። ሦስቱን ከባለቤቴ ከቀጠሮ ጋር አሰልፌ ሳንባ ክፍል በር ላይ ቆምን።

ውኃ ልትቀዳ ብቅ ያለች ወጣት ሐኪም አራታችንን… ይቅርታ፣ አራቱንና እኔን አይታ ወረቀቶቹን ተቀበለችን፤ ብርጭቆዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ቆማ አነበበች። ከዚያ ይህን ያነበበው የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠየቀችን።

«አግዳሚው» አላት ዳቦ ጋጋሪው።

ሐኪሟ ሳቋን መዋጥ አልቻለችም፤ በዚያው ሳምንት ለአራቱም የምርመራ አልጋ አገኘችላቸው። የእነሱ ማሽን ለባለቤቴ 41 ቆጠረ፤ ደረቱ ውስጥ ያለው 38 ብሎ ነበር፤ ልዩነቱን ሁለቱ ማሽኖች ይነጋገሩበት ብለን ትተነዋል። አሁን ቀጠሮ ሲተኛ አየር የሚገፋ ጭምብል ያጠልቃል። ትንሿ ልጃችን ጠፈርተኛ ትለዋለች። ባለፈው የክትትል ቀጠሯችን አራተኛው ገጽ 3 አለ። ሦስት፣ ክቡር ሆይ! ወረቀቱን በፍሬም አድርጌ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ነገር ግን ቤታችን ሰላም አጥቷል። ከዓመት በላይ ሲያንቀላፋ የኖረ ሰው ጠግቦ ተኝቶ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ይዘፍናል፤ ድምፅ ግን የለውም። የማይዘጋውን የቁም ሣጥን በር ጠገነ፤ ቀጥሎ የሚዘጋውንም ጠገነውና አሁን አይከፈትም። ጎረቤት ድረስ ሄዶ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካለ ይጠይቃል። መምህርቷ ዘንድ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ ስለ ሒሳብ አንድ ሰዓት ሙሉ ስላወራት፣ በዚህኛው ዙር ዓይኗ የተከደነው እሷ ናት። መሪውንም መልሰው ሰጥተውታል፤ በመጀመሪያው ቀን ከፊተኛው ወንበር ተቀምጬ መንገዱን ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመለስኩ፤ ስስቅ ያዩኝ ተሳፋሪዎች ቦታ ቀየሩ።

እንግዲህ ትሕትና በተሞላበት መንፈስ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማስታወቂያዎ ይቆይ፤ ኤንቨሎፕ መክፈት ይከልከል፤ ነገር ግን ከመታሸጉ በፊት ከክፍልዎ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ገለጥ ያድርገው። ይህ ከባድ ሆኖ ከተገኘ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ሥራ የለኝም።

የክፍልዎን የመጀመሪያ ገጽ ጥልቅ ንባብ ዘወትር የማደንቅ፣ ለሕጎችዎ መነሻ በመሆኔ የምኮራ፣ ማስታወቂያዎችዎንም ለማረም ሁልጊዜ ዝግጁ የሆንኩ፣

የአውቶቡስ ሹፌሩ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላስረክብ ትናንት ረፋድ ላይ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ስለነበር ብቻዎን፣ አገጭዎ ደረትዎ ላይ ወድቆ፣ የመስኮቱ መስተዋት እስኪርገበገብ ሲያንኮራፉ አየሁዎት። እየሳቅሁ ልመለስ ስል ድምፁ ድንገት ቆመ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር በኃይል ስበው ቀጠሉ። ጸሐፊዎ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤዬን ቀድደው ይጣሉት፤ ነገ ጠዋት ግን ሄደው ይመርመሩ። ይህቺን መስመር የጻፍኩት ያለ ምንም ሽሙጥ ነው።