ማንዬ፣ በሰው ለቅሶ አለቀስሁልህ

ውሻዬ ማንዬ፣

እንደምን ሰነበትህ አልልህም። እኔም ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ከተለያየን አንድ ክረምት ሊያልፍ ነው። አንተ ስትሞት አባዬ ገና ማሳውን እያረሰ ነበር፤ አሁን ጤፉ ጉልበቴ ደርሷል።

ለውሻ ደብዳቤ መጻፌን ቤት ቢያውቁ መሳቂያ እሆናለሁ። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ከብት የምጠብቀው እኔ ስለሆንሁ መስክ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ሉማሜ ያለችው አክስቴ ቡችላ ልካልናለች። ጥቁር ነው። ከጎተራው ሥር ያለውን ያንተን መኝታ ለእሱ ሰጡት። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጮሃል። ወንድሜ አዲሱ ደግሞ "ውሻ ማለት ይኸ ነው!" ይላል። ቡችላውን አልጠላሁትም፤ ግን እስካሁን በእጄ ነክቼው አላውቅም።

ማን ደፍሮ የሚለውን ስም አባዬ ያወጣልህ ላንተ ብሎ አልነበረም። ከጎረቤታችን ከአያ ታደሰ ጋር በድንበር በተጣሉበት ሰሞን ነው የመጣኸው፤ ስሙን ያወጣው ማታ ማታ አጥሩ ሥር ቆሞ እሳቸው እንዲሰሙት በኃይል እንዲጠራህ ነበር። ወዲያው አያ ታደሰም ቡችላ አመጡና "ይታያል" አሉት። አባዬ "ማን ደፍሮ!" ሲል ከወዲያ ማዶ "ይታያል!" ይመጣል። እማዬ ከጓዳ ሆና "ኧረ እናንተው ተሰዳደቡ፤ ውሾቹን ለምን መካከል ታስገባላችሁ!" ትል ነበር። አንተና ይታያል ግን የተጣሉበት ድንበር ላይ ጎን ለጎን ተኝታችሁ ፀሐይ ትሞቁ ነበር። እኔ በዚያ ስም ጠርቼህ አላውቅም። ማንዬ ነው ያልሁህ።

ሰው ፊት ቃል እንደማይወጣኝ ታውቃለህ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ፤ መምህር ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁት አቀረቅራለሁ። ያላወራሁትን ሁሉ ላንተ ነው ያወራሁት። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ወንዙ ድረስ ትሸኘኝ ነበር። ኋላ እግርህ ሲከዳህ እስከ ባሕር ዛፎቹ፣ ከዚያም እስከ በሩ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ከተኛህበት ሆነህ ጭራህን ብቻ ታነሣልኝ ነበር። ለእኔ ያም መሸኘት ነበር።

ጥርስህ ሲያልቅ እንጀራውን በአጓት እያራስሁ አበላሁህ። አዲሱ አየና "ቤት የሚጠብቅ ውሻ አውቃለሁ፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ውሻ ግን ዛሬ አየሁ" አለ። ሁሉም ሳቁ። አባዬም ሳቀ። ጆሮህ የተቀደደው የእሱን በጎች ከጅብ ስታስጥል እንደሆነ ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ ድምፄ ግን እንቢ አለኝ።

በሰኔ ያን ጠዋት ከጎተራው ሥር ተጠቅልለህ አገኘሁህ። ጀርባህ በጠል ረጥቧል። ስነካህ ደርቀሃል። ከጎንህ ሳልነሣ ከአያ ታደሰ ቤት እሪታ ተሰማ። እሳቸውም በዚያው ሌሊት አርፈው ኖሯል።

አባዬ ነጠላውን እያጣፋ ሲወጣ መንገዱ ላይ ቆምሁ። "አባዬ፣ እንቅበረው" አልሁት። በሕይወቴ አባዬን ለምኜው የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። አየኝ፤ አንተን አየህ፤ ወደ ጎረቤት ደግሞ አየ።

"አብደሻል? ታደሰ ሞቶ እኔ ለውሻ ጉድጓድ ስቆፍር ልገኝ? ያውም ለዚህ ውሻ! ለቀስተኛው ስሙን የማያውቅ መሰለሽ?" አለኝ። ከዚያ ወደ አዲሱ ዞሮ "ሰው ሳይመጣ ጥንቡን ከደጅ አንሣ" አለው።

ማታ ማን ደፍሮ ነበርህ፤ ጠዋት ጥንብ ሆንህ። ስምህን ያወጣው እሱ፣ በስምህ ያፈረውም እሱ። አዲሱ የኋላ እግርህን በገመድ አስሮ ጎርፍ ወደ ሸረሸረው ቦረቦር ጎተተህ። ጭንቅላትህ ድንጋይ በነካ ቁጥር እኔ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ከቀብር ስመለስ ዶማ ይዤ እንደምመጣልህ በልቤ ነገርሁህ።

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አባዬ ደረቱን እየደቃ "ወንድሜ! ጎረቤቴ!" እያለ አለቀሰ። በመንገድ ሲገናኙ ፊቱን ያዞርባቸው የነበረው አባዬ። እሱን ሳይ የያዝሁት ሁሉ ፈነዳ። ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቀው እኔ ድምፄን አውጥቼ አለቀስሁ፤ ማቆም አቃተኝ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው "አይ አንጀት! ከገዛ ልጆቹ በላይ አለቀሰችለት" ተባባሉ። እማዬ ኮራች መሰለኝ፤ እንባዬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

የአያ ታደሰ ባለቤት እትዬ ውዴ ደግሞ አቅፈውኝ "ትርንጎዬ፣ ለካ እንዲህ ትወጅው ኖሯል! በይ ዛሬ ከጎኔ እንዳትርቂ" አሉኝ። እጄን ያዙኝ። ከቀብር መልስም ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ ውሃ ለመቅዳት ልነሣ ስል እንኳ "ተዋት፣ ሌላ ይቅዳ" አሉ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በድንኳኑ ቀዳዳ አያለሁ። ቦረቦሩ ከዚያ ሩቅ አይደለም። "ውሻዬን ልቅበር" ልበላቸው? ባላቸውን አፈር አልብሰው የመጡ ሴት ናቸው። ላንተ ያፈሰስሁት እንባ ካንተ አስቀረኝ፤ ይኸ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። መሽቶ እጄን ሲለቁኝ እማዬ ይዛኝ ወደ ቤት ገባች። ከቦረቦሩ በኩል የጅቦቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጆሮዬን በጋቢ ሸፈንሁ፤ ይሰማል።

ሲነጋ ዶማውን ይዤ ሄድሁ። ገመዱ ብቻ ነበር፤ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። ሌላ የምቀብረው ስላጣሁ ጉድጓድ ቆፍሬ እሱኑ ቀበርሁት፤ ከብት እንዳይረግጠው ድንጋይ ደረደርሁበት። አዲሱ ሳምንቱን ሙሉ "ያንን የመሰለ ገመድ ማን ወሰደብኝ?" እያለ ሲፈልግ ሰነበተ። ስላንተ ግን አንድ ቃል የጠየቀ የለም። እኔም ዝም አልሁ። ዝምታዬን ለምደውታልና ማንም ልብ አላለውም።

አባዬና እትዬ ውዴ ታርቀዋል። ድንበሩን አንድ ላይ አጠሩት። ጥሩ ነው ይላል ሰው ሁሉ። ይታያል ብቻውን ፀሐይ ይሞቃል።

ማንዬ፣ አንድ ነገር ገብቶኛል። እዚህ አገር ላንተ ጮክ ብሎ ማልቀስ የሚቻለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ለቅሶ በተጠራ ቁጥር ጓዳ አልደበቅም፤ ከሴቶቹ መካከል ገብቼ እቀመጣለሁ። የሟቹን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ እኔ ያንተን በሆዴ እየጠራሁ አለቅሳለሁ። አርጅቼም ቢሆን እንዲሁ ነኝ። አንጀቷ ይበሉኝ፤ ያመስግኑኝ። የማንን ለቅሶ እንደማለቅስ አንተ ታውቃለህ።

ያንተው ትርንጎ