በገጽ ዐሥራ ሦስት ጀርባቸውን ስለሰጡ ልጃገረዶች

ለክቡር የወጣቶች ኅትመት ገምጋሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ነገሌ ቦረና

«ጉንጉን» የተባለው የተማሪዎች የፋሽንና የባህል መጽሔት ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ሳይፈቀድ ከጽሕፈት ቤትዎ ተመልሷል።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ከብትዎም በናጋና በሰላም እንድትሆኑ፣ የዘንድሮው ዝናብም ሳይዛነፍ እንዲደርስልዎ ከልብ እመኛለሁ። መጽሔቱን የሚያዘጋጀው የተማሪዎች ክበብ አማካሪ ነኝ። ዕድሜዬን በጋዜጣ ገጽ ቅንብር ስላሳለፍኩ፣ እንደ እርስዎ ገጽን አጥብቆ የሚያይ አንባቢ ሳገኝ ማመስገን ግዴታዬ ነው።

፩. በገጽ ዐሥራ ሁለት የእርስዎ መልእክት ከፎቶግራፍዎ ጋር፣ ትይዩው ገጽ ዐሥራ ሦስት ላይ ደግሞ የሹሩባ አሠራር የሚያሳዩ ሦስት ልጃገረዶች ነበሩ። ሹሩባ የሚያምረው ከአናት ወደ ማጅራት ሲወርድ ነውና ከኋላ ተነሥተዋል። ጽሕፈት ቤትዎ ወጣቶቹ ለኃላፊው ጀርባቸውን ሰጥተዋል ብሎ መለሰልን። በታላቅ ፊት ጀርባ መስጠት ነውር መሆኑን ልጆቹ ከእናቶቻቸው ተምረዋል፤ የፎቶግራፍ ሰዎች ገጽ ተሻግረው እንደሚተያዩ ግን ያስተማሯቸው እርስዎ ነዎትና እናመሰግናለን።

፪. ገጾቹን የምታቀናብረው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሄራን ትእዛዙን አክብራ ልጃገረዶቹን ፊት ለፊት አስነሣች። ሹሩባውን የሠሩት ወይዘሮ ሰንበቴ እንደገና ሲጠሩ፣ ግንባር ላይ የሚጎነጎን ጸጉር ካለ መጥተው ከጽሕፈት ቤቱ ቢማሩ ደስ እንደሚላቸው እንድነግርዎ አደራ ብለውኛል። ስለ ሹሩባ የሚያወራው ገጽ የሦስት ልጃገረዶች ግንባር ይዞ ቀረበልዎ። እሱም ልጃገረዶቹ ታላቅን ዓይን ለዓይን ያያሉ ተብሎ ተመለሰ።

፫. ሄራን መልእክትዎን ከነፎቶግራፍዎ ወደ ገጽ አንድ አዛወረችው። ከትይዩው፣ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ፣ የአቶ ዩኑስ ጫማ ቤት ማስታወቂያ አለ። መጽሔቱ ሲዘጋ የጫማው ሶል ግንባርዎ ላይ እንደሚያርፍ ያስተዋሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እኛ ስለ ተከፈተ መጽሔት ብቻ ስንጨነቅ፣ በተዘጋው ውስጥ ምን እንደሚደረግ ከእርስዎ በቀር ያሰበልን ሰው አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ ድካም ድካም ቢሸት ይቅር ይበሉኝ። ሄራን ለምታመለክትበት የዲዛይን ትምህርት ቤት የታተመ ሥራ ማያያዝ አለባት፤ ያላትም ይህ መጽሔት ብቻ ነው። ማመልከቻው ሰኞ ይዘጋል። የቡሌ ሆራው ማተሚያ ቤት ተራችንን እስከ ዓርብ ይዞልናል፤ ከዚያ ወዲያ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ይገባል። ሙሽሮች ደግሞ፣ እንደሚያውቁት፣ ገምጋሚ አይጠብቁም።

ለገጾቻችን ስላሳዩት ያላሰለሰ ትጋት እያመሰገንኩ፣ ጀርባዬን ሳልሰጥ፣ ዓይኔን ሳላነሣ፣ ጫማዬንም አውልቄ እሰናበታለሁ።

የዓለምወርቅ ኤርሚያስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አራተኛው ቅንብር ዛሬ ጠዋት ገብቶልዎታል። መልእክትዎ ወደ ገጽ ዐሥራ ሁለት ተመልሷል፤ ልጃገረዶቹም በትይዩው ገጽ አንገታቸውን ደፍተውልዎታል። ጀርባ የለም፣ ዓይን የለም፤ ሹሩባው ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ይህም ካልሆነ አምስተኛው ተዘጋጅቷል፤ ገጽ ዐሥራ ሦስት ባዶ ሆኖ፣ ከግርጌው «የጽሕፈት ቤቱ አስተዋጽኦ» የሚል መግለጫ ሰፍሮበታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚታተም ገምጋሚ ኮሚቴዎ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይወስናል።