ጉተማ «አለ» የተባለበት መዝገብ

ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የድሬዳዋ ሙቀት ለቀቅ አደረገልዎ ወይስ አሁንም ወንበርዎን ይዘው ጥላ ፍለጋ ግቢውን ይዞራሉ? እማማስ የዓይናቸው መድኃኒት ተስማማቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ኢኮኖሚክስ የማስተምርበት ኮሌጅ ፈተና ላይ ነው፤ ከናፍቆታችሁና ከቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ በቀር የከፋኝ የለም። ስልክ ላይ ስንጯጯህ ጎረቤት የተጣላን እየመሰለው ስለተቸገርኩ መጻፍ መረጥኩ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ነገሩን ከወንድሜ ከፍቅሩ በወሬ ስለሰሙት ከሥሩ ልንገርዎ። ዶክተር ፈቀደ የሚባሉ የታሪክ መምህር ስለ አቃቂ በሰቃ መጽሐፍ ጽፈዋል። በ1973 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጥጥ መጋዘን ሲቃጠል ጓደኛዎ ጉተማ ሦስት ሰው ከእሳት ማውጣቱን፣ ኋላም በዚያው ጭስ ሳንባው ተጎድቶ መሞቱን «የሰፈር ተረት» ብለውታል። ማስረጃቸው የእድራችን የጥሪ መዝገብ ነው። እሳቱ በተነሣበት ሰዓት በሌላ ጎረቤት ቀብር ላይ ስሙ ሲጠራ «አለ» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ሌንሳ ቤቴ መጥታ አለቀሰች። «አባቴን ከሞተ በኋላ ውሸታም አደረጉት» አለችኝ።

እኔም መዝገቡን ከእድሩ ሳጥን አስወጥቼ ክረምቱን ሙሉ ተቀመጥኩበት። እንደሚያውቁት ያኔ ከቀብር የቀረ ሰው ቅጣቱ በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳን መትከልና አግዳሚ መሸከም ነበር። ቅጣቱ በቆየባቸው ሰባት ዓመታት ቀሪ የለም ማለት ይቻላል፤ ግማሹ ሰፈር የፋብሪካ ፈረቃ ላይ እያለ። ድንኳን ተካይ ተቀጥሮ ቅጣቱ በተነሣ ዓመት ግን በየጥሪው ከሦስት ሰው አንዱ ቀሪ ነው። ሰው በአንድ ክረምት ሰነፍ አይሆንም። ጎረቤት ለጎረቤቱ «አለ» ይል ነበር። እናም መዝገብ ከማመናችን በፊት፣ እውነቱን ቢናገር ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር እንጠይቅ ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ ታሪክ እንዴት ይጠና የሚል እንጂ ስለ ጉተማ ብቻ አይደለም።

ለታሪክም ለኢኮኖሚክስም የጥናት መጽሔት ላክሁት። የታሪክ ሰዎቹ «ይህ ኢኮኖሚክስ ነው» ብለው መለሱልኝ፤ የኔዎቹ ደግሞ «ይህ ታሪክ ነው»። ዶክተር ፈቀደ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ማኪያቶ ጋበዙኝ። የገበያ ነገር ሲሆን እናንተን እንጠይቃለን፣ ለሰነድ ግን እኛ አለን አሉኝ። ጽሑፌን ገልጠውት እንኳ አያውቁም። ክፋት አይመስለኝም አባባ፤ ሰው ጓዳ ዘው ብላ ድስት የከፈተች እንግዳ ሆኜባቸው ነው። ደግሞም ጥያቄዬን ከተቀበሉ የሠላሳ ዓመት ሥራቸውን እንደገና ሊመረምሩ ነው፤ ይህን ማን ይወዳል? በመጨረሻ የታሪክ መጽሔቱ ሰዎች የጥናት ዘዴውን አውጥተሽ «የሰፈር ትዝታ» ብለሽ አምጪው፣ እናሳትመዋለን አሉኝ። እምቢ አልኩ። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። በደብዳቤዎ ያን ቀን ለጉተማ «አለ» ያልኩት እኔ ነኝ፣ መጥቼ ልመስክር ብለዋል። ደግሜ አነበብኩት። የእድር ዳኛ የነበረ ሰው በሰባ ስድስት ዓመቱ ዋሽቼ ነበር ብሎ ሊቆም። ኮራሁብዎ፤ ግን ለኔ ብለው አይምጡ። እርስዎ ከመሰከሩ የሚያምኑት እርስዎን ነው፤ ጥያቄው እንደተናቀ ይቀራል። በሕይወት ያለ ምስክር ለሌለው ሰው ማን ከድሬዳዋ ይነሣለታል? ጽሑፉን ለሦስተኛ ጊዜ ልኬዋለሁ፤ አንድ መስመር አልቀነስኩም። ቢመልሱትም እልካለሁ።

እማማን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ፍቅሩን ወሬ አታሳምር በሉልኝ፤ ሚስቱንና ትንሿን ሊዲያን እቅፍ አድርጋችሁ ሳሙልኝ። ለሌንሳ ግን በደብዳቤዎ የላኩላትን ሰላምታ እኔ አላደርስም፤ ያን ቀን አባቷ የት እንደነበረ በእጅዎ ይጻፉላት። ለዶክተሩ ታሳያቸው አታሳያቸው የሷ ፈንታ ነው። ጉተማ የሷ አባት ነው እንጂ የኔ ማስረጃ አይደለም።

ልጅዎ እድላዊት
አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.