የኪጋሊውን ሥራ ያስመለጥክብኝ ሙቲሶ ሆይ

እሁድ ከቀትር በኋላ የዶሃው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ለሥራው በኮምፒውተር ስታነጋግርህ እኔ ወጥ ቤት ጎመን ስከትፍ ነበር። "ዋና የሚያስተምረው ጓደኛህስ?" አለችህ። "እሱ እንኳ መምህር አይባልም፤ ገንዳ የሚያጸዳ ሰው ነው" ብለህ ሳቅህ። ቃሉስ ይሁን፣ ሳቁ ነው ከሆዴ ያልወጣልኝ።

ሁለታችንን የማይቀጥር ትምህርት ቤት አንሄድም ያልከው አንተ ነህ። የኪጋሊው ሁለታችንንም ፈልጎ ነበር፤ አብረን የምንኖርበትን ቤት ሳይቀር አዘጋጅቶ። "ትንሽ ይጠብቁን፣ ወንድሜ፤ የተሻለ እየመረጥን ነው" ስትለኝ እኔ ሞኙ፣ የተማረው እሱ ነው ብዬ አመንኩህ። ትናንት ደውለው ቦታውን ለሌሎች ሰጠነው አሉኝ።

ማታ ደግሞ የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊህን፣ እየጠቀለልክ፣ "ዶሃ ፈርሜያለሁ። መቼም ሰው ዕድሉን በእግሩ አይገፋም" አልከኝ።

ጋዙ ሊያልቅ ነው።
ነገ ውሃ ስለማይመጣ በርሜሉን ዛሬ ሙላ።
ነጩን ሸሚዝህን ስተኩስ እጅጌውን አቃጥዬዋለሁ። ለሸሚዙ ይቅርታ።

ማሊንዲ ላይ ባሕሩ ሲወስድህ ማን ጎትቶ እንዳወጣህ አልጽፍም።

እኔ ወደ ቡንጎማ፣ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እንዳትደውል።

ይኸው አሁን ከመታጠቢያ ቤት እየጮህክ ነው። "ሲሚዩ! ዶሃ ስደርስ ላንተም አንድ ነገር አፈላልግልሃለሁ፣ እሺ ወንድሜ? ትሰማኛለህ?"

እሰማሃለሁ።
ቁልፉን ከዚህ ወረቀት ሥር ትቼ ወጥቻለሁ።