ሽንኩርት የምትከትፈው ሴትዮ

ውድ እማዬ፣

ሆለታ አክስቴ ቤት ከገባሽ ዛሬ አስራ ሁለት ቀንሽ። በደወልኩ ቁጥር አክስቴ «ተኝታለች» ትለኛለች። አንቺ ደግሞ መቼ ነው ቀን ተኝተሽ የምታውቂው? ስለዚህ እየጻፍኩልሽ ነው። ራስሽ አንብቢው፤ ለአክስቴ እንዳታስነብቢ።

እነዚያ ምግብ በሞተር የሚያደርሱት ሰዎች «ሙያ ያላት ሴት ለማስታወቂያ እንፈልጋለን» ብለው ሲያገኙሽ፣ እሁድ ጉባኤው ፊት ቆመሽ መሰከርሽ። «ጌታ የእጄን ሙያ በቴሌቪዥን ሊያሳይልኝ ነው!» አልሽ። ሰዉ ሃሌሉያ አለ። በቀረጻው ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሽንኩርት አስከተፉሽ። ለማስታወቂያው ያመጡት ፒዛ አይቡ የሚጎተት እንዲመስል ሙጫ ተቀብቶ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ አንቺ የሠራሽውን ወጥ ድስቱን ጠርገው በሉት። አስኮ ቤታችን ተመልሰሽ ይህንን ስትነግሪኝ እንዴት እንደሳቅሽ!

ከዚያ ማስታወቂያው ወጣ። አንቺ እያለቀስሽ ትከትፊያለሽ፤ ልጅሽ ተብላ የምትተውነው አፍንጫዋን ይዛ ስልኳን ትነካካለች፤ ሞተረኛው ፒዛ ይዞ ከተፍ ይላል፤ ድስትሽ ይከደናል። «ከማጀት ተገላገሉ!» ይላል ማስታወቂያው። ረቡዕ ከጸሎት ስንወጣ እህት አልማዜ «ተናኘ፣ የመሰከርሽው ይሄንን ነው እንዴ?» ብላ ስትስቅብሽ፣ ነጠላሽን ተከናንበሽ ሄድሽ። በማግስቱ ሆለታ ገባሽ።

ግን እማዬ፣ ያዋረደችሽ አልማዜ ብቻ አይደለችም። እኔም አለሁበት።

በዚያው ሳምንት የሚዲያ ጥናት የሚያስተምረን መምህር ጃለታ ያንኑ ማስታወቂያ ከፍቶ «ተንትኑት» አለን። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሆሳዕና «ሴትዮዋ ቁርጥ አንቺን እኮ ነው የምትመስለው!» አለችኝ። «ኧረ ተይኝ፣ የት አውቃታለሁ!» አልኳት። ምላሴ እንኳ አልተያዘም።

ይባስ ብሎ ተነስቼ ተነተንኩሽ። እማሬው፣ ማለትም በዓይን የሚታየው፣ ሽንኩርት የምትከትፍ ሴትዮ ናት አልኩ። ፍካሬው፣ ማለትም ምስሉ ውስጥ ውስጡን የሚለው፣ የእናት ሙያ ኋላቀርነት ነው የሚል ነው። ካሜራው እሷን ከላይ ወደ ታች፣ ሞተረኛውን ከታች ወደ ላይ ያያል። ሴትዮዋ ስም የላትም፤ አንድ ቃል አትናገርም። ጅምላ ፍረጃ ነው አልኩ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ልክ መሆኔ ነው። ያንኑ ጽፌ ሳስረክብ አንደኛ ወጣሁ። እዚያ ክፍል ስምሽን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዋጥ አደረግኩት።

ትናንት መምህር ጃለታ ጽሑፌ ሐሙስ በትልቁ አዳራሽ እንዲነበብ ወሰነ። ቢሮው ገብቼ እውነቱን አፈረጥኩት። «እናትሽን ጠይቀሻታል?» አለኝ። እነሱ ሳይጠይቁሽ መሳቂያ አደረጉሽ፤ እኔም ሳልጠይቅሽ ማርክ አገኘሁብሽ። እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አይነበብም ካልሽ እቀደዋለሁ፤ ማርኩም ገደል ይግባ። ይነበብ ካልሽ ግን ነይና ያንቺን ቃል አስጽፊኝ። ወጥሽን እነማን ጠርገው እንደበሉት ሳይቀር አንቺው ተናገሪ። ለሆሳዕና ግን ነገ ጠዋት «እናቴ ናት» እላታለሁ፤ ለዚህ እንኳ ፈቃድሽን አልጠብቅም።

ይቅር በይኝ። አባዬም አይቀየመኝ፤ ዛሬ ከስሜ ቀጥሎ የጻፍኩት ያንቺን ነው።

ልጅሽ፣
ሳያት ተናኘ