ያስማልሽኝ መሐላ

ለእትዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ መጀመር ስላለብኝ፣ እንዴት ነሽ? ሱቁን ለእታገኝ ትተሽ ሆስፒታል እንደምትውዪ፣ ምግብም በቅጡ እንደማትበዪ ሰምቻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔ ግን ደስ እንደማይልሽ አውቃለሁ። ቁጥሬን ብሎክ ስላደረግሽው ይህን በወረቀት ጽፌ በባልሽ በኃይለሚካኤል እጅ ልኬልሻለሁ። እሱን አትቆጪው። ምን እንደጻፍኩ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ወርቅዬ ሰው መሀል አስቁማኝ፣ እህትሽ «ልጄን መጠጥ ያስለመደቻት አክስቷ ናት» እያለች ታወራለች፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ላንቺ ነው የምጽፈው፣ ደግሞም እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

አንቺ ነገሩን ሁልጊዜ ከእኔ ነው የምትጀምሪው። ብሩክታዊት ግን መጀመሪያ የደወለችው ላንቺ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። የጓደኛዋ ልደት ላይ ይዟት የሄደው ልጅ ጠጣና፣ የእሱ መኪና ውስጥ አልገባም ብላ፣ «ማሚ፣ ነይ ውሰጂኝ» አለችሽ። እንዲህ ብላ የምትደውል ልጅ ስንቷ እናት ትመኛለች! ሄድሽ፤ መሄድሽን አልክድሽም። ግን ገና በሩ ላይ፣ ጓደኞቿ እያዩ፣ በጥፊ መታሻት። ስልኳን ሁለት ወር ቀማሻት። ለንስሐ አባታችሁ ከሰስሻት። ያን ቀን እኮ አልጠጣችም፣ እትዬ። ትንፋሿን እንኳ አላሸተትሽም።

ከዚያ በኋላ ለእኔ መደወል ጀመረች። የመጀመሪያው ኦክቶበር ላይ ነው። «አንቲ፣ ራይድ እፈልጋለሁ፣ ፕሊስ ማሚን አትንገሪያት» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ፓሎ አልቶ የሆስፒታል ሠራተኞችን በሻትል አውቶቡስ ሳመላልስ ውዬ ገና ጫማዬን ማውለቄ ነበር። ሌክ ሜሪት ካለው ቤቴ ሳን ሆዜ ድረስ ነዳሁ። መኪና ውስጥ ስትገባ «በልተሻል?» ከማለት በቀር አንድም ነገር አልጠየቅኳት። እናንተ ቤት ጥግ ላይ ሞተሩን ሳጠፋ ራሷ ማውራት ጀመረች። ግማሽ ኩባያ ቀምሳ ጣዕሙን እንደጠላችው፣ ሊያደርሳት የነበረው ልጅ ግን አራት እንደጠጣ ነገረችኝ። «መጥፎ ልጅ ነኝ?» አለችኝ። «ደውለሻል አይደል?» አልኳት። ከዚያ በላይ ምን ልበላት?

ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጓደኛዋንም ጭምር ቤቷ አደረስኩ። በሦስተኛው ስታስታውክ ስለነበር፣ እንደዚያ ሆና አንቺ ፊት እንዳትቆም ብዬ እኔ ቤት ወስጄ አሳደርኳት። እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ። ያኔውኑ ደውዬ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ይህቺን ጥፋቴን ውሰጂያት።

በማግስቱ ሎኬሽኗን ስልክሽ ላይ አይተሽ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላሽን እንኳ ሳታወልቂ ደጃፌ ላይ ደረስሽ። «መጥቶ የሚወስዳት ሰው እንዳለ ባታውቅ ኖሮ አትጠጣም ነበር» አልሽኝ። «የሚወስዳት ሰው እንደሌለ ካወቀች የሰካራም መኪና ውስጥ ትገባለች» አልኩሽ። ያኔ ነው ያልወለደች ሴት ስለ ልጅ ምን ታውቃለች ያልሽኝ። ብሩክታዊት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። አማርኛ አይገባትም ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። መናገሩ ነው እንጂ የሚከብዳት፣ ሁሉም ይገባታል። ከዚያ የማርያም ሥዕል ፊት አቁመሽ አስማልሽኝ፤ ልጅሽ ብትደውል እንዳላነሳ፣ ብትጽፍልኝ እንዳልመልስ። ማልኩልሽ። ለማርያም ብዬ አይደለም የማልኩት። «ልጅሽን ያዢያት፣ እናያለን» እያልኩ በልቤ፣ በንዴት ነው የማልኩት።

የጁኑን ቅዳሜ መቼም አንቺም አትረሺውም። የምረቃ ባርቤኪው፣ የመዋኛ ገንዳ ያለበት ቤት። በቀን ነው ምን ይሆናሉ ብለሽ ፈቀድሽላት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የክፍሏ ልጅ ጠጥቶ በመኪናው ይዟት የሄደው፣ ቀይ መብራት ጥሶ ከጭነት መኪና ጋር የተላተመው። እሱ እጁ ተሰበረ። እሷ ዳሌዋ፣ ሁለት ቦታ።

ፖሊሱ ሊጠይቃት ሲገባ ሁለታችንም አልጋዋ አጠገብ ነበርን። መጥቶ እንዲወስድሽ የደወልሽለት ሰው ነበር ወይ አላት። «ኖ» አለች። «ለማንም አልደወልኩም።» ይህን ስትል አንቺን አላየችም፣ ፖሊሱንም አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ። አንቺ «ለምን ለእኔ አልደወልሽም ልጄ» እያልሽ ስታለቅሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ አንቺ እኔ ላይ ዞርሽ። ነርሷ እስክትመጣ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ያልሽኝን ሁሉ ሰው ሰምቶታል።

የብሩክታዊት ስልክ መኪናው ውስጥ ደቅቋል። የእኔ ደህና ነው። ያን ቅዳሜ ቤት ውስጥ ዩኒፎርሜን ስተኩስ ነበር፤ ስልኬም ካውያው አጠገብ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ስሟ መጣ። ከአሥራ አራት። ከሃያ ዘጠኝ። አደጋው የደረሰው አሥራ ሁለት ተኩል አልፎ ነው።

መሐላዬን ጠብቄያለሁ፣ እትዬ። እንዳልሽኝ አድርጌያለሁ።

ይህን ከብሩክታዊትና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ስለዋሸችው ውሸት አትቆጪያት። ለእኔ ብላ ነው፤ ምናልባት ላንቺም ብላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናግሬ መሐላውን እንዲፈቱልኝ ለመንኳቸው። ከዚያ ቁጥሬን ለጓደኞቿ በሙሉ ሰጠሁ። ትናንት ምሥጢር የምትባለው ጓደኛዋ ከበርክሌ ደወለችልኝ፤ ሄጄ እሷን ጨምሮ ሦስት ልጆችን እየቤታቸው አደረስኳቸው። ስለ እኔ ለምታወሪላቸው ሴቶች ይህንንም ጨምሪላቸው። ከፈለጉ ቁጥሬን ለልጆቻቸው ስጪልኝ።

እግዚአብሔር የልጃችንን አጥንት ይጠግንልን። በሁለት እግሯ ቆማ ኮሌጅ ትግባልን። ላንቺም ጉልበቱን ይስጥሽ። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አልልሽም፤ ሁለቱም ገና አልመጣልኝም። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ልጠይቃት እመጣለሁ። ክፍሉን ብትዘጊብኝ በሩ አጠገብ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ከኦክላንድ