ቫዝሊን የተቀቡ ሦስት አንገቶች

ሰኞ፣ ሰኔ 16፣ ጠዋት 2:30

አምስት ድራይሱት፣ የጠላቂ ልብስ፣ ከነጭቃው። ጠላቂዎቹ ትናንት ድሮ ድንጋይ ይወጣበት የነበረው፣ አሁን ውሃ የሞላው ጉድጓድ ወርደው ነበር። በዚህ ብርድ! ባሕር በሌለበት ከተማ፣ በጆበርግ፣ የጠላቂዎች ት/ቤት አለ፣ እኔም የልብሱ አድራቂ ነኝ። ሆሳዕና ላለችው እናቴ በስልክ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። ውሃ የማያስገባ ልብስ ከሆነ ምኑን ታደርቀዋለህ አለችኝ።

ላንተ ግን ልንገርህ፣ ደብተሬ። ዚፑ እንደተዘጋ ውጭው በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ በእግሩ ይሰቀላል፣ ጥላ ውስጥ። ውጭው ሲደርቅ ዚፑ ተከፍቶ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ውስጡ የሰው ላብ አለው። አንገቱና የእጁ ጫፍ ስስ ጎማ ነው፤ ውሃውን የሚያግደው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ጎማው ፓውደር ይነሰነስበታል፣ ልብሱ ላላ ተደርጎ ይጠቀለላል፣ ከረጢት ይገባል። ያስተማረችኝ ሲስ ታንዲ ናት፤ ሲስ ማለት እህት ነው። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሠርታለች። እኔ ገና ሦስት ወሬ ነው።

ከሰ. 10:00

ከአምስቱ ሦስቱ ልብሶች አንገታቸው ነጣ ነጣ ብሏል፣ ሊሰነጠቅ ምንም አልቀረው። የጆበርግ ክረምት የማያደርቀው ነገር የለም፤ የኔም ከንፈር ደም ይወጣዋል። ቫዝሊኔን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሦስቱንም እሽት እሽት። ወዙ! እናቴ ለደረቀ ነገር ሁሉ ሌላ መድኃኒት አታውቅም፤ ለፊታችን፣ ለተረከዛችን፣ እሑድ እሑድ ለጫማችን። ዛንድስፕሩት ሰፈር በአጎቴ ልጅ በኤርሚያስ ሱቅ ስሠራም በክረምት ከዳቦ ቀጥሎ የሚሸጠው ቫዝሊን ነበር። ታንዲ ወጥታ ስለነበር አላየችኝም። ማንም ሳያዘኝ በመሥራቴ ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ብርድ። ታክሲው ውስጥ አሥራ አምስት ሰው፣ አንድ የተሰበረ መስኮት። መስኮቱ ሥር እኔ።

አለቃዬን አኔካን ስለ ደብዳቤው አስታወስኳት። የስደተኛ ወረቀቴን የማሳድስበት ቀጠሮ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ የሥራ ደብዳቤ ይዘህ ና ብለውኛል። ሰኞ እፈርምልሃለሁ አለች። ተመስገን። ዛሬ የታጠበ የለም፤ ዚፕ ሰም ስቀባ ዋልኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20፣ ከሰ. 9:00

ጉድ ሠራሁ።

አኔካ ለነገው የጠላቂዎች ጉዞ ከረጢቶቹን ከፈተች። የሦስቱ ልብስ አንገት ልፍስፍስ ብሏል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። አንዱን ሳብ ስታደርገው ተቀደደ። ቅባት ነው የበላው አለች። ቅባት ይህን ጎማ ይበላዋል፤ ውሃ ውስጥ ቢቀደድ ልብሱ እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሞላል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። እኔ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ።

ማን ነክቶት እንደሆነ ጠየቀች። ታንዲ አላውቅም አለች። አኔካ የታንዲን እጅ ያዘችና አየችው። የእጅ ክሬም! አምና ስለዚሁ ክሬም አስጠንቅቄሽ ነበር አለቻት። አለቀ፣ ተፈረደ።

እኔስ? ቫዝሊን ቅባት መሆኑን አላሰብኩም ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ግን አንዴ ካወቅኩ በኋላም ዝም አልኩ። ደብዳቤው ሰኞ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩልህ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ኤርሚያስ ጋ ሄድኩ። እዚህ አገር ያመጣኝ እሱ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። ከሱቁ ፍርግርግ ኋላ ተቀምጦ ሳቀብኝ፤ ጎማ ቫዝሊን የሚቀባ ሐድያ ገና አንተን አየሁ አለ። ከዚያ ኮስተር አለ። ወረቀትህን እስክትይዝ አፍህን ዝጋ፣ ታንዲ አገሯ ነው፣ ብትባረርም ሌላ ሥራ አታጣም አለኝ። ተናደድኩበት። ከቤቴ ስነሳ እኔም እንደዚያው እያሰብኩ ነበር።

የታንዲን ቤት አውቀዋለሁ። ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ነው፤ ሁለት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። የሌላ ሥራ ወሬ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ ሰኔ 23፣ ምሳ ሰዓት

ታንዲ ክሬሟን ትታለች። ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል፣ ሳሙናው ሲነካት ትንፋሿን ትውጣለች። ያለወትሮዋ አትዘፍንም። በመካከል ዞር አለችና በቀስታ ጠየቀችኝ።

«ቡቲ፣ አንተ ጎማው ላይ ምን አደረግክበት?»

ቡቲ ማለት ወንድሜ ማለት ነው። ፓውደር ብቻ አልኳት። ዓይኗን እያየሁ። እሺ አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አመነችኝ። መስደብ ብትጀምር ይሻለኝ ነበር።

ከሰ. 10:30

አኔካ ቢሮዋ ጠራችኝ። ደብዳቤው ተፈርሟል፣ ማኅተም አለው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ይለኛል። ስህተት መስሎኝ አሳየኋት። ስህተት አይደለም፤ ታንዲ በወሩ መጨረሻ ትሄዳለች፣ ቦታው ያንተ ነው አለች። እንኳን ደስ አለህም አለችኝ።

አመሰግናለሁ አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ! አመሰግናለሁ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24፣ ጠዋት 12:50

ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ፤ በመጀመሪያው ታክሲ መጣሁ። ከዘበኛው በቀር ማንም የለም። የተሰቀሉትን ልብሶች ነካካሁ፤ ደርቀዋል። የራሴን ልብ ለማረጋጋት አንዱን ጠቀለልኩ፣ ከእግር ጀምሬ፣ ላላ አድርጌ፣ እሷ እንዳሳየችኝ።

ስሌት ሠራሁ። ሐሙስ ወረቀቴን አሳድሼ ዓርብ ብናገርስ? ያምራል። ግን እስከ ዓርብ ሌላ ሰበብ አገኛለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ዛሬ ከሆነ ደብዳቤውን ትቀማኛለች፣ ምናልባትም ሥራውን። ሐሙስ ባዶ እጄን እቆማለሁ። እፈራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። ቢሆንም ዛሬ ነው።

ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ አኔካ ፊት እንዳልንተባተብ። ሦስቱን አንገት ቫዝሊን የቀባሁት እኔ ነኝ። ታንዲ አታውቅም። ሁለት መስመር። ለመጻፍ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

በሩ ተንኳኳ። አኔካ መስላኝ ብድግ አልኩ። ታንዲ ናት። ሳውቦና ቡቲ ብላ ሰላም አለችኝ፣ ዛሬ ቀደምከኝ እያለች ነው፤ ጣቶቿን በጨርቅ ጠቅልላለች።

ወረቀቱን ለአለቃ ነበር የጻፍኩት። የዋሸሁት ግን እሷን ነው። መጀመሪያ ለእሷ እናገራለሁ።